ሳትቆጠር የቀረችው ትብለጽ

— ሄሎ... አዎ፣ ቦሌ ነው፣ የመምህርት ፀሐይነሽ ቤት... ከአሰብ? አገናኚኝ እህቴ፣ አገናኚኝ።

— ሄሎ፣ ዓንዶም? ትሰማኛለህ?... ባትጮህም ይሰማኛል፣ ወንድሜ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ አፍ አፌን ታያለች። ሚስትህ ጓዳ ልጅቷን እያጠባች ነው... የሚስትህ ስም ብርኽቲ ነው፣ ከረሳኸው።

— ደብዳቤህ ደርሶኛል... አይ፣ አላሳየኋትም። «ልጅቷ የኔ አይደለችም፣ ለክርስትናዋም አልመጣም» የሚል ወረቀት ለአራስ ይሰጣል? ግን ሁለት ወር ሙሉ ዝም ስትላት ገብቷታል፣ ሞኝ አይደለችም።

— እሺ፣ ፎቶዋን አየህ። ልጅቷ ነጭ ናት፣ ፀጉሯም ነጭ ነው። ታዲያ?... የምን ሩሲያዊ?... መሥሪያ ቤቷ አማካሪዎች ስላሉ?... ዓንዶም፣ ይሄ ስልክ ነው፣ ሰው ይሰማል፣ ስለ አማካሪ የምታወራውን ተወውና ስማኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ለሰው ልጅ ባዮሎጂ ያስተማርኩት አንድ ቀን እንኳ ለወንድሜ ይጥቀም።

— ልጅ ሆነን የእማዬን ነጠላ ስንቋጭ ትዝ ይልሃል?... አዎ፣ አንተ ሁሌ ታላላው ነበር። ሁለት ክር እርስ በርሱ እናጠማዝዝ የለ? ሰውነታችን ውስጥም እንደዚያ የተጠማዘዘ፣ በዓይን የማይታይ ክር አለ። ዲ ኤን ኤ ይባላል። ቁመታችን በለው፣ የቆዳችን ቀለም በለው፣ እሱ ላይ ነው የተጻፈው። በአራት ፊደል ብቻ... አራት ነው ያልኩህ፣ ይበቃል።

— አይ፣ አንዱ ክር የአባት፣ አንዱ የእናት አይደለም። ተማሪዎቼም እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። የተቋጨው ሙሉውን እንደ አንድ ቁጠረው። አንዱ ካንተ ይመጣል፣ ሌላው ከብርኽቲ። ቀለም የሚሠራው ቦታ ላይ ባንዱ ስህተት ቢኖር የሌላው ይሸፍነዋል፣ ሰው አያየውም። አንተ ጠይም ሆነህ ስህተቱን ይዘህ ትዞራለህ። ልጅ እንዲህ ነጥታ የምትወለደው ከሁለታችሁም ስህተቱ ሲደርሳት ነው። ከፈረንጅ ብትወለድማ ቀይ ትሆን ነበር እንጂ ፀጉሯ እንደ ጥጥ አይነጣም።

— አውቃለሁ፣ ስትጋቡ ሰባት ቤት ተቆጥሯል። እኔም ነበርኩ፣ እንዲህ ያለ ሰው አልተጠራም። ቆይ... እማዬ፣ አንቺ ንገሪው... በቃ፣ እኔው እነግረዋለሁ፣ አታልቅሺ።

— ዓንዶም፣ ትናንት እማዬ ልጅቷን ስታጥብ «እህት ነበረችኝ» አለች። ታላቋ ናት። ትብለጽ ትባላለች። ልክ እንደዚች ነጭ፣ ፀሐይ የሚያቃጥላት። አያቶቻችን ሰው እንዳያያት ቤት ዘግተው አሳደጓት፣ በኋላ ገዳም ገብታ እዚያው ሞተች... እኔም አላውቅም ነበር! ቤት ሲቆጠር የሚጠራው የወለደ ነው። እሷ አልወለደችም፣ ሽማግሌዎቹ ዘለሏት። ግን የሷ ወላጆች የእማዬም ወላጆች ናቸው። ለሷ ከሁለቱም የደረሳት ስህተት ለእማዬ ካንዳቸው ደርሷል፣ ከእማዬ ደግሞ ላንተ። ከብርኽቲም ወገን እንዲሁ ሳይቆጠር የቀረ ሰው ይኖራል።

— እህቴ፣ እባክሽ አትቁረጪብኝ፣ ትንሽ ደቂቃ ጨምሪልን... ተባረኪ።

— ዓንዶም? አለህ?... እኔ አዝኜብሃለሁ፣ አልደብቅህም። ይቅርታውን ግን ለኔ አይደለም የምትለው... ብርኽቲ በጓዳው በር ብቅ ብላለች። ላቅርብልህ?... አልፈልግም ትላለች። እውነቷን ነው። መጥተህ ፊት ለፊት ንገራት።

— የልጅቷ ዓይን? ብርሃን ይከብዳታል። ቆዳዋንም ከፀሐይ መጠበቅ አለብን። እሑድ ለክርስትናዋ በማለዳ ሸፋፍነን ነው የካ ሚካኤል የምንወስዳት። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ ትስቃለች። አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተ ነው፣ እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ።

— ምን?... ድገመው፣ መስመሩ ይንኮሻኮሻል... የጭንቅላቷ ዙሪያ? ለምንህ ነው?... እ... እሺ። ቆይ፣ እንዳትዘጋው።

— ብርኽቲ፣ ክር አምጪ። አዎ፣ የስፌት ክር። የልጅቷን ጭንቅላት ልንለካ ነው... ገበያ ላይ ክንፈ ሰፊ ባርኔጣ አይቷል። ዓርብ እነሳለሁ ይላል... ቀስ፣ እንዳትነቃ... እዚህ ጋ ያዢው።

— ሄሎ፣ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። ሰፋ ያለ ግዛ፣ ታድጋለች... ስሟን? የክርስትናውን ቄሱ ያወጣሉ። የቤቱን አባቷ ያውጣ ብለን እስካሁን «ሚጡ» ነው የምንላት... ማን?... ጮክ በል፣ ዓንዶም... ማን ትባል?

— ሄሎ?... ሄሎ? ተቋረጠ።

— ደህና ነው እማዬ፣ ሰምቼዋለሁ። አሁን አልቅሺ። ትብለጽ ትባል አለ።