ከኋላ ግድግዳ የሚመጣው ድምፅ

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ እኔና ጋሽ መሪው በዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በረንዳ ላይ ባልተገናኘን፣ ይህን የምተርከውንም ነገር ባላየሁ ነበር። ጋሽ መሪው ዕድሜያቸውን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ የሰፈሬ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መሪ እንደጨበጠ ሰው ክርናቸውን ከፈት አድርገው ነው የሚራመዱት፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው። ዝናቡን ሸሽቼ በረንዳው ሥር ስገባ አዲስ ከተገዛ የስፒከር ካርቶን ክምር አጠገብ ቆመው ከሴት ልጃቸው ጋር ይከራከራሉ። ልጅቷን ፊዚክስ አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬ በአንድ ቴአትር ቤት የድምፅ ባለሙያ ናት።

«ቲቸር፣ እግዜር ነው የላከዎት!» አለች እንዳየችኝ። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።»

«ይፍረዱ እንጂ!» አሉ ጋሽ መሪው። «መምህር፣ እኔ ስንት ዘመን ሕዝብ ጭኜ ነድቻለሁ። መንገዱ ከፊት፣ ዓይኑም ከፊት። ይቺ ልጅ ግን ቴሌቪዥኑ ከፊቴ ቆሞ ሳለ ድምፁን በጀርባዬ ልታመጣብኝ ነው። ፊልሙ ከፊት፣ ድምፁ ከኋላ! ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?»

«ሁሉም ከኋላ አይመጣም፣ አባዬ። ሰዎቹ የሚናገሩት ከቴሌቪዥኑ ሥር ነው። በግራና በቀኝ ሌሎች ስፒከሮች ይቆማሉ። ከኋላ የሚሰማው ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ የሚያልፈው ሰው ኮቴ ነው። አሁን እዚህ ቆመን ዝናቡን የምንሰማው ከፊት ብቻ ነው?»

ጋሽ መሪው ሳይወዱ አዳመጡ። ውሃው ከቆርቆሮው፣ ከአስፋልቱ፣ ከጀርባችን ካለው አሸንዳ ያንሾካሽካል። ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ሌላውን እንዳሻሽ አድርጊ፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኋላው ግድግዳ ግን አይነካም።»

ሰው አዲስ ነገርን የሚቃወመው ሁልጊዜ ስላልገባው አይደለም። አንዳንዴ ከተቃውሞው ጀርባ የሚጠብቀው ነገር አለ። እኔ ያን ጊዜ የመሰለኝ ግን የሽማግሌ ግትርነት ነበር፤ ዕቃውን ላግዛችሁ ብዬም አብሬያቸው ሄድኩ።

ልጅቷ በመንገድ ላይ ነገሩን አጫወተችኝ። እናቷ በሕይወት ሳሉ ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰበው ከሳሎኑ ሥር ባለው ምድር ቤት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን አባትየው ከምሳ በኋላ ብቻቸውን ይወርዳሉ፣ ሌላ ሰው አያስወርዱም። የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ደረጃው አፍ ላይ ሲደርሱ ይቆጣሉ። እህትና ወንድሞቿ ተመካክረው ይህን ዕቃ የገዙት ቤተሰቡ እንደገና እዚያ እንዲቀመጥ ብለው ነው።

ጠባቡን ደረጃ ወርደን ገባን። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ግን ዝቅ ይላል። ያለው አንድ መስኮት ከእግረኛው መንገድ ጋር ስለሚተካከል የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ይታያል፤ ባለቤት የሌላቸው እግሮች ሲመጡና ሲሄዱ ማየቱ ራሱ ደስ አይልም። ትልቁ ሶፋ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ልጅቷ መሀል ቆማ እጇን አንዴ አጨበጨበች። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሄዶ ጠፋ፤ ሌላ ሰው ጥግ ሆኖ የመለሰላት ነበር የሚመስለው።

«ሰማህ አባዬ? ባዶ ክፍል ድምፅ ይመልሳል። ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ወፍራም መጋረጃ እንሰቅላለን። ሶፋው ደግሞ ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል። ጎርናናው ድምፅ ግድግዳና ጥግ ላይ ነው የሚከማቸው፤ እዚያ ተለጥፎ የሚቀመጥ ሰው የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው።»

«ሶፋው የትም አይሄድም።»

«ምክንያቱን ንገረኝና ልተወው።»

«እናትሽ የምትቀመጠው እዚህ ነበር። በቃ።»

ልጅቷ ሜትር ከመኪና ላምጣ ብላ ወጣች። ጋሽ መሪው ኮቴዋ እስኪርቅ ጠብቀው ክንዴን ያዙኝ። 

«መምህር፣ አብዷል እንዳይሉኝ እንጂ እውነቱን ልንገርዎ። አልሄደችም።»

«ማን?»

«ባለቤቴ። እዚህ ናት።» ግድግዳውን በዓይናቸው አመለከቱኝ። «ሳናግራት ትመልሳለች። ይስሙ።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ወደ ግድግዳው ዘንበል ብለው፣ ባል ከሥራ ሲገባ ሚስቱን በሚያናግርበት ለዛ፣ «እሜቴ፣ ደህና ዋልሽ?» አሉ።

በመስኮቱ አንድ ጥንድ እግር አለፈ። እኔም ምን ብዬ ላጽናናቸው ብዬ ቃል ስፈልግ፣ ከግድግዳው ውስጥ ጓ! አለ። ቆየት ብሎ እንደገና፣ ጓ! ጓ!

እኔ ለተማሪዎቼ ምክንያት የሌለው ነገር የለም እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን የራሴ ፀጉር ቆመ። ጋሽ መሪው እንደ ሙሽራ ፈገግ አሉ።

«አዩ? እዚህ ላይ ነው ስፒከር ስቀል የምትለኝ። አፏን ልትዘጋት ነው እኮ!»

ዘወር ስል ልጅቷ ሜትሩን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቀስ ብላ መጥታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

«አባዬ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?»

«ምን ይኖራል? አፈር ነዋ! ዳገቱ ነው።»

በጣቷ አንኳኳችው። «ይኼ አፈር ያለበት ግድግዳ ድምፅ አይደለም። ወዲያ ማዶ ክፍት ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ በኋለኛው መንገድ ዞረው ጀርባውን ቢያዩልኝ? እኔ ከአባቴ ጋር ልሁን።»

የሰፈሩ ቤቶች ተዳፋት ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የእሳቸው በር ወደ ላይኛው መንገድ፣ ከጀርባ ያሉት ደግሞ ወደ ታችኛው ይከፈታሉ። ጀርባ ለጀርባ የሚኖሩ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሳይተያዩ ሊኖሩ ይችላሉ። ከእሳቸው ቤት ጀርባ ይሆናል ብዬ የገመትኩት ቤት አጥር ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አንኳኳሁ። ነጠላቸውን እስከ አንገታቸው የተከናነቡ አሮጊት ከፈቱልኝ። ሰፈሩ ሲስተር የሚላቸው ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ በስም እንጂ በመልክ አላውቃቸውም ነበር።

«ቤቱን ሊያዩ ነው? ይግቡ። የታችኛውን ዕቃ ቤት ግን ባያዩት ይሻላል።»

«ሲስተር፣ እኔም የመጣሁት ስለ ዕቃ ቤቱ ነው። ድምፅ ይሰማዎታል እንዴ?»

ሴትዮዋ ደነገጡ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ታች ወሰዱኝ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የተደራረቡ ወንበሮችና አሮጌ ሻንጣዎች አሉ። ከግድግዳው አጠገብ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ተደግፏል።

«እኔ ስንቱን ዓይኑን ከድኜ የሸኘሁ ሰው ነኝ፤ ሬሳ አልፈራም፤» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይኼ ግን ሌላ ነው። ከምሳ በኋላ ይመጣል። ወንድ ነው። ደህና ዋልሽ ይለኛል።»

ወዲያው፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ የታፈነ ወፍራም ድምፅ መጣ። ማን እንደሆነ እያወቅሁ እንኳ ደሜ ቀዘቀዘ። ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ያ ድምፅ የጋሽ መሪው አይመስልም፤ የማንም ሰው አይመስልም።

«...ዛሬ ደከም ብሎሻል... ብዙ አትቆዪም ብቻሽን... ጠብቂኝ፣ እመጣለሁ...»

ሲስተር እንጨቱን አንስተው ግድግዳውን በሙሉ ጉልበታቸው መቱት። ጓ! ጓ! «ሂድልኝ!» አሉ። «ሂድልኝ!» ከግድግዳው ጀርባ ግን ሳቅ ተሰማ፤ የደስታ ሳቅ። ሴትዮዋ እንጨቱን ጥለው ሻንጣው ላይ ተቀመጡ።

«ይኸው እንዲህ ነው። ስመታው ይስቃል። እመጣለሁ ይለኛል። ምን ላድርግ? ቤቴን ልሸጥ ነው።»

እንዴት አድርጌ እንዳስረዳኋቸው አላስታውስም። መጀመሪያ አላመኑኝም፤ ቀጥሎ ተቆጡ፤ በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካክለው «ውሰደኝና ልየው» አሉኝ፤ አንቱታውን ያስረሳቸው ንዴት ነበር።

ምድር ቤቱ ስንደርስ አባትና ልጅ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ መሪው እንግዳ ሲያዩ ብድግ ብለው «ደህና ዋሉ እመቤት፣ ይግቡ፤» አሉ። ሲስተር በሩን ጨብጠው ቀሩ።

«እሱ ነው፤» አሉ። «ድምፁ እሱ ነው።»

የሆነውን በዝርዝር ተናገርኩ። ጋሽ መሪው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«ውሸት ነው፤» አሉ። «የባለቤቴን ድምፅ የማላውቅ ይመስላችኋል?»

«አባዬ፣ ድምፅ መች ነበር? ማንኳኳት እኮ ነው።»

«ይሁን! ማንኳኳትም ይሁን! አንቺ ትምህርትሽን ይዘሽ መጥተሽ ያለችኝን አንዲት ነገር ወሰድሽብኝ። እውነቱ ምን ጠቀመኝ? ሳላውቅ ብቀር ማንን ጎዳሁ?»

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። የመለሱላቸው ሲስተር ናቸው።

«እኔን፤» አሉ። «ጠብቂኝ፣ እመጣለሁ ሲሉ የሰማሁት እኔ ነኝ። ማታ መብራት ሳላጠፋ መተኛት ጀመርኩ። ቤቴን ለሽያጭ አቀረብኩ። እርስዎ የተጽናኑበት የኔ ፍርሃት ነበር።»

ጋሽ መሪው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በመስኮቱ እግሮች አለፉ፣ ተመለሱ።

«በምንድን ነበር የሚመቱት?»

«በመጥረጊያ እንጨት።»

«በመጥረጊያ እንጨት፤» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ተቆጥታ ነው ጠንክራ የምትመታው እል ነበር።» መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ። ሲስተር ሄደው ትከሻቸውን ያዙ። «ይቅር ይበሉኝ፤» አሉ ጋሽ መሪው። «እኔ ሟች የማናግር መስሎኝ ሕያው ሰው ሳስደነግጥ ኖሬያለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃው ሲተከል ሁላችንም ነበርን። ሶፋውን ወደ ፊት የሳቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች የጋራው ግድግዳ ላይ አልተሰቀሉም፤ ከሶፋው ግራና ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍ ብለው በየማቆሚያቸው ቆሙ።

«ወደ ተቀመጠው ሰው ዘወር ይበሉ፤» አለች ልጅቷ። «ርቀታቸውም ይመጣጠን።»

«የጎን መስታወት ነው ለካ!» አሉ ጋሽ መሪው። «ይኼንማ አውቀዋለሁ። ሾፌሩ ሳይዞር ኋላውን እንዲያይ።»

ጎርናናው ስፒከር ከጋራው ግድግዳ ርቆ፣ ከጥግም ወጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀመጠ፤ ከኋላ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። ፊልም ከፍተን ሲስተር ዕቃ ቤታቸው ገብተው አዳመጡና ምንም ጉምጉምታ እንደማያልፍ በስልክ አረጋገጡልን። ከዚያ ልጅቷ መሞከሪያውን ድምፅ ለቀቀችው። እንደ ትንፋሽ ያለ እፍታ ከፊት ግራ ተነሣ፣ መሀል መጣ፣ ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ ከዚያ ሶፋውን ዞሮ በጀርባችን አለፈ። የማይታይ ሰው ክፍሉን የሚዞር ይመስል ሁላችንም አንገታችንን አብረን አዞርን። ጋሽ መሪው ብቻ ከኋላቸው ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲያልፍ ከፈቱ።

ዛሬ ያ ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞላል። የልጅ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይተኛሉ፣ ሲስተርም የአጥሩን ጽሑፍ ገንጥለው ጥለው ከመሀል ይቀመጣሉ። ጋሽ መሪውን ስለ ዕቃው የጠየቃቸው ሁሉ ትምህርት ይወስዳል፦ ዕቃ ከመስቀላችሁ በፊት ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ እወቁ፤ ድምፁን ሳታስጮኹ ለሁሉም እኩል አድርሱ፤ ያልገባችሁን ነገር ብቻችሁን ታቅፋችሁ አትቀመጡ፣ ለሚያውቅ ሰው አሰሙ። እንዲህ በማድረጋቸው ጎረቤት አግኝተዋል፣ ልጆቻቸውን መልሰዋል።

በቅርቡ ብቻችንን ስንሆን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «አሁንም ብቻዎን ይወርዳሉ?»

«አንዳንዴ። ሁሉን አጠፋና አዳምጣለሁ።»

«ምን ይሰማል?»

«ምንም።» ጥቂት አሰቡ። «ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው፣ መምህር። ያኔ ተነሥቼ ስልክ አነሣለሁ፤ ከልጆቼ ለአንዱ እደውላለሁ።»