የብየዳ ገመድና የምትተነፍሰው መኪና

የመኪና ድምፅ ማጉያ ገጣሚውን ሠፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ዝምታ» ይላቸዋል። በሰው መኪና ላይ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ስፒከር እየገጠሙ፣ ራሳቸው ግን ከሹክሹክታ ከፍ አድርገው ስለማይናገሩ የወጣላቸው ስም ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ቤተሰብ አስተዳድረዋል። ሥራቸውን የሚነቅፍ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት አስጠራቻቸው። ባሏ በማስታወቂያ መኪና እየዞረ በድምፅ ማጉያ ሲናገር የኖረ፣ ከተማው «ለፋፊው» የሚለው ሰው ነበር፤ ከሞተ አራት ወር ሆኖታል። ጋሽ ዝምታ የመሣሪያ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቷ የኤሌክትሪክ ትምህርት ጨርሳ የቆጣሪ መርማሪ ሆናለች፤ የጎረቤቱን ቆጣሪ አይታ መውጣቷ ነበር።

«አጎቴ፣ እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን እግር ጣለዎት?»

«አንዲት መኪና ታማለች ተብዬ ነው። ጊዜ ካለሽ ነይ አብረን እንያት፤ የተማረ ዓይን አይጠላም» አሉ፣ ለቀልድ ያህል።

ግቢው ጭር ብሏል። ነጯ መኪና ሁለት ትልልቅ የድምፅ ማጉያ ቀንዶች አናቷ ላይ ተሸክማ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማለች። ሴትዮዋ አጠገቧ ሆና ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የጠራሁዎት እንዲጠግኑልኝ አይደለም። እንዲሰሙልኝ ነው። እዚህ ውስጥ ትንፋሹ አለ።»

ይህን ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባችና ማጉያውን አበራች። ሞተሩ አልተነሳም። ማይክሮፎኑ ተነቅሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ለጊዜው ምንም አልተሰማም። ከዚያ ወደ ኋላዋ ደገፍ ስትል ከቀንዶቹ ደረቅና ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ሰው ሊናገር ሲል አየር እንደሚስበው ያለ። ቀና ስትል ቆመ። ደገፍ ስትል ተመለሰ።

ጋሽ ዝምታ ጆሯቸውን ወደ ቀንዶቹ አቀኑ። ለፋፊውን ያውቁታል፤ «ክቡራትና ክቡራን» ከማለቱ በፊት ልክ እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው።

«በየቀኑ እመጣለሁ» አለች ሴትዮዋ ረጋ ብላ። «ሳወራው አይመልስልኝም። ደገፍ ስል ግን ይተነፍሳል።»

ልጅቷ አልሳቀችም። አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አሸተተችና፣ «እትዬ፣ ለአንድ አፍታ ይውረዱልኝ። ራቅ ብለው ይቁሙ» አለች። ሴትዮዋ እያመነታች ወረደች።

የሞተሩ ክዳን ተከፈተ። አውራ ጣት የሚያክል ጥቁር ገመድ ከባትሪው ተነስቶ፣ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ላሜራ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል።

«ይህን ማን ዘረጋው?»

«እኔ ነኝ። የብየዳ ገመድ ነው። ምን ይወጣለታል?»

«የብየዳ ገመድ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል፣ አጎቴ? ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ባለቀለም ገመድ በየሱቁ አለ አይደል?»

ጋሽ ዝምታ ከሣጥናቸው ቁራጭ ቀይ ገመድ አወጡና በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጣ። «ላዩ መዳብ፣ ሆዱ አሉሚኒየም። የእኔን ደግሞ እዪው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ መዳብ ነው የተገመደው። እንደ ልብሽ ይታጠፋል፣ ኃይሉንም ሳይሰስት ያሳልፋል።»

ልጅቷ ሁለቱን እያገላበጠች አየች። «በዚህስ ረቱኝ። ባለቀለሙ ሁሉ እንዲህ ባይሆንም፣ ይሄኛው እርስዎ እንዳሉት ነው። ገመድዎ መልካም ነው። ፊውዙስ የት አለ?»

«ፊውዝ ለቀጭን ገመድ ነው። ይህን የሚያክለው አይቃጠልም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪናዬ ነደደ ብሎ የመጣብኝ ሰው የለም።»

«የነደደችበት ሰው በምን ይመጣል?»

ጋሽ ዝምታ ቢላቸውን አጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱ።

«አይቃጠልም ማለትዎ ልክ ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ቀጭን ቢሆን ምናልባት ራሱ ቀልጦ ይቆረጥ ነበር። ይሄ አይቆረጥም፤ የባትሪውን ኃይል በሞላ በነካው ብረት ላይ ይደፋዋል። ብየዳ ቤት ይኼ ገመድ ከብረት ሲገናኝ ምን ይሆናል?»

«ብረቱ ይቀልጣል» አሉ ድምፃቸው ከወትሮው እንኳ አንሶ።

ልጅቷ ሁለት እጇን የመኪናዋ ጎን ላይ አሳርፋ ተጫነች። መኪናዋ ውስጥ ማንም የለም፤ ከቀንዶቹ ግን ያ ትንፋሽ ወጣ። በክዳኑ ጥላ ውስጥ፣ ከላሜራው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሰማያዊ ብልጭታ ታየች። በተጫነች ቁጥር ትንፋሹ ይመጣል፤ ብልጭታዋም አብራ ትመጣለች። የገመዱ ጎማ ተበልቷል። የጋቢናው ምንጣፍ ከቀዳዳው ሥር መዳፍ ያህል ጠቁሯል።

ጋሽ ዝምታ የባትሪውን ገመድ በገዛ እጃቸው ፈቱ። የዐዋቂ ሽማግሌ ኩራት ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል፤ ሽማግሌው ራሱ ሲነሳ ማየት ግን ደስ ያሰኛል። ወደ ሴትዮዋ ሄዱ።

«እኅቴ፣ የሰማሽው የእሱ ትንፋሽ አይደለም። እኔ የበሳሁት ቀዳዳ ነው። ጠርዙን ሳላለዝብ፣ ጎማ ሳላለብሰው ገመዱን አሳለፍኩት። መኪናዋ በተነቃነቀች ቁጥር ገመዱ ብረቱን እየነካ ያንን ድምፅ ያሰማል። በየቀኑ ከእሳት ጋር ነበር የምትቀመጪው። ይቅር በይኝ።»

ሴትዮዋ ወደ ቀንዶቹ ቀና ብላ፣ «አንድም ቀን እሱ አልነበረም?» አለች።

«እኛ የምናውቀው የገመዱን ብቻ ነው፣ እትዬ» አለች ልጅቷ።

እስኪመሽ አብረው ሠሩ። የተበላውን ቆርጠው ጣሉና ያንኑ የብየዳ ገመድ መልሰው ዘረጉት። ከባትሪው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ገመዱ ብረት ቢነካ ቀድሞ ተቃጥሎ ኃይሉን የሚቆርጥ፣ ለገመዱ የሚመጥን ፊውዝ አስገቡ። ለቀዳዳው የጎማ ቀለበት ገጠሙለት፤ በፕላስተር ተጠቅልሎ የኖረውን ጫፍም በመዳብ ቀለበት አጥብቀው ጨመቁት። ሴትዮዋ ገብታ ማጉያውን አበራችና ደገፍ አለች። ከቀንዶቹ ምንም አልወጣም። ሳታለቅስ ወረደችና ማይክሮፎኑን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

በማግሥቱ ጋሽ ዝምታ ሱቃቸው በር ላይ ጻፉ፦ «ያለ ፊውዝ የገጠምኩላችሁ ሁሉ ኑ። ስህተቱ የኔ ስለሆነ በነፃ አስተካክላለሁ።» ልጅቷ በዕረፍት ቀኗ እየመጣች ታግዛቸው ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ መኪኖች የሰባቱ ገመድ ተፍቆ ተገኘ። እንዲህ ያለ ወሬ ደንበኛ ያሸሻል ብለው የፈሩት ሽማግሌ፣ ከወር በኋላ ቀጠሮ መስጫ ቀን አጡ።

አንድ ጠዋት ከእነዚሁ ደንበኞች አንዱ ተቆጥቶ መጣ። «ያስገቡት ፊውዝ ትናንት ተቃጥሎ፣ መንገድ ላይ ዘፈኔን አቋረጠብኝ።»

ጋሽ ዝምታ የሰውየውን መኪና የኋላ ወንበር አስነሱ። ገመዱ በወንበሩ ብረት ተጨፍልቆ መዳቡ ወጥቷል። በወንበሩ ላይ ሁለት የሕፃናት መቀመጫ ታስሯል።

«የተቋረጠብህ ዘፈን ብቻ ነው» አሉት።

ሰውየው መቀመጫዎቹን እያየ ቆመ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ፣ ወንበሩን ቀና አድርጎ ያዘላቸው።