አመድ የለበሰው ብየዳ

በያጁ ሽማግሌ ገና ቀይ በሆነው ብየዳ ላይ አመድ በእፍኝ እየነሰነሱ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። አርባ ዓመት የኖሩበት ልማድ ነው። «የጋለ ብረት ድንገት ከቀዘቀዘ ይቀየማል» ይላሉ።

የእህታቸው ልጅ በዚያ ስታልፍ ሰላም ልትላቸው ጎራ አለች። የብረት ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ወር አልሞላትም። ዓይኗ ጥግ ላይ በቆመው የወተት ታንከር ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆኖ ተመለሰ?»

«ዝጎ! አይዝጌ ተብሎ የተሸጠ ብረት ዝጎ! የወተት ቤቷ ባለቤት ‹ሁለተኛውም እንዲህ ከሆነ ሌላ በያጅ እፈልጋለሁ› ብላኛለች። ስሜ በሁለተኛው ታንከር ላይ ተንጠልጥሎልሻል። ይኸው በቁራጭ እየሞከርኩ ነው፤ አመዱን እጥፍ አድርጌዋለሁ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ታንከሩን ዳሰሰችው። «ስፌቱ ደህና ነው። የዛገው ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ በግራም በቀኝም ነው። ባይቆጡኝ ጋሼ… ጥፋቱ የአመዱ ይመስለኛል።»

«የአመዱ!» ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ሳትወለጂ የሠራ አመድ!»

«እስካሁን ሲበይዱት ለኖሩት የሞተር ብሎክ እውነትዎን ነው፤ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። የአይዝጌ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ብረት ውስጡ አንድ ወጥ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ተገጣጥመው ነው። በቅንጣቱ ውስጥ አተሞቹ በሰልፍ ቆመዋል። ሁለት ቅንጣት በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ግን ሰልፉ ይፋለሳል፣ ክፍተት ይበዛል። ብረቱ ግሎ ሲቆይ በውስጡ ያለው ጥቂት ካርቦን እዚያ ይከማቻል። ተከማችቶም ዝም አይልም፤ ዝገት የሚከላከለውን ክሮም ከጎረቤት እየሳበ ያስረዋል።»

«ብረትም የድንበር ሙግት አለበት በይኛ!»

«አለበት እንጂ!»

«ቆይ፣ ክሮሙ እኮ ከብረቱ አልወጣም። ቢለካ ሙሉ ነው።»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ልጅቷም ጥቂት አሰበች። «በጠቅላላው ሙሉ ነው። የመንደሩ ውሃ ሁሉ በአንድ ቤት በርሜል ቢሞላ መንደሩ ውሃ አለው ይባላል፤ ጎረቤቱ ግን ይጠማል። ዝገት የሚገባው በተጠማው በኩል ነው።»

«እንግዲያ ድንበሩን ማጥፋት ነዋ!»

«ድንበሩ ባይኖርማ ብረቱ ይልፈሰፈስ ነበር። ጉድለቱ ጉልበቱም ነው። እኛ ካርቦኑን የመሰብሰቢያ ጊዜ እንንፈገው፤ እንደተበየደ በውሃ እናቀዝቅዘው።»

«በውሃ? ፍርክስ ነው የሚለው!»

«እንፈትነዋ፣ ጋሼ።»

ከአንድ ብረት ሁለት ቁራጭ በየዱ። አንዱን አመድ አለበሱት፣ ሌላውን ውሃ ነከሩት፤ ዝገቱ እንዲፋጠን ሁለቱንም ሳምንት ሙሉ አሲድ ውስጥ አቆዩአቸው። ከዚያ ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ሞርሳ ላይ አስረው አጎበጧቸው። ውሃ ያየው እንደ ቆዳ ቀበቶ ታጠፈ። አመድ የለበሰው ከስፌቱ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ተተረተረ።

ሽማግሌው ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት። «አርባ ዓመት…» አሉ ዝግ ብለው።

«አርባውንም ዓመት ለብሎኩ ትክክል ነበሩ።»

ነገሩም ይኸው ነው። ልማድ ባደገበት ቤት አዋቂ ነው፤ የሚሳሳተው ሳይጠይቅ ሰው ቤት ሲገባ ነው። ጠይቆ የገባ ግን ወተቱን ከዝገት፣ ስሙንም ከሐሜት ያድናል።

በማግስቱ ካርቦኑ ያነሰ አይዝጌ መርጠው ሁለተኛውን ታንከር ስንዝር በስንዝር በየዱት፤ ልጅቷ ከኋላ ከኋላ ውሃ እያፈሰሰች። አንዲት ስንጥቅ አልታየችም። ሲጨርሱ ሽማግሌው ጠመኔ አነሱና የአመዱ ባልዲ ላይ «ለሞተር ብሎክ ብቻ» ብለው ጻፉበት። ከዚያም በእግራቸው ገፋ አድርገው ከጠረጴዛው ሥር አስገቡት።