ቁመት ፍለጋ ጉኑኖ

የመምህራኑ ቡድን በቅርጫት ኳስ ካሸነፈን በኋላ፣ ክረምቱን ሙሉ የመሥሪያ ቤታችንን ቡድን ማን ያድነዋል እያልን ሶዶ ውስጥ ስንከራከር ከረምን። ጓደኛዬ ታደለ «ችሎታ ያለው ሰው ይምጣ» ይላል። እኔ ደግሞ «ቁመት ካለ ችሎታው ይደርሳል» ብዬ ድርቅ አልኩ። በመጨረሻ ጉኑኖ ውስጥ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ አናጢ አለ ሲሉን በሚኒባስ ሄድን።

እውነትም ሰውዬው ረጅም ነው። መጋዙን አስቀምጦ በትሕትና አዳመጠኝ። ስለ ቡድኑ፣ ስለ ማልያው፣ ስለ ጫማው ሳይቀር ሰበክሁለት። ስጨርስ ትኩር ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ አላወቁኝም እንዴ? ሶዶ ስሠራ ልምምዳችሁ ላይ መጥቼ አስገቡኝ ብዬ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ማን ከለከለህ?» አልኩት ተቆጥቼ።

«እርስዎ ነዎት። ‹ቁመት ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ሂድና የቤት ምሰሶ ሁን› ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁብኝ።»

ታደለ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «ይቅርታ ወንድሜ፤ አሁን ግን ና» አልኩት።

«ዘገዩ ጋሼ፤ መምህራኑ ባለፈው ሳምንት መጥተው አስፈርመውኛል።»

በመስከረሙ ግጥሚያ ብቻውን አተራመሰን። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ችሎታም ነበረው።