በመርፌ ቀዳዳ የተመረመረ ዓይን

ሱሪዬን ላሳጥር ወደ ጋሽ መርፌ ሱቅ ስሄድ በሩ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠምን። ልጅቷ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የዓይን ነርስ ናት። በዚያ ሳምንት ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሁሉ በነጻ ዓይኑን እንዲታይ እየተጠራ ነበር።

«አጎቴን ልወስዳቸው ነው። ትናንትም መጥቼ አባረውኛል» አለችኝ።

«ጋሽ መርፌ» ብለን ስም ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። ሱቃቸውን እንደከፈቱ የቀጠነችዋን መርፌ ይመርጡና ያለ መነጽር ክር ያስገቡባታል። ክሩ ሰተት ብሎ ሲገባ «ተመስገን፣ ዓይኔ ደህና አድራለች» ብለው ልብስ ስፌታቸውን ይጀምራሉ። ምርመራቸው ይህ ነው። ሐኪሙም ታካሚውም እሳቸው ስለሆኑ ወረፋ የለውም።

ስንገባ ከባለቤታቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ።

«መቀሴን ደግሞ ወሰድሽው!»

«እኔ ምን ላደርግበት? ያውልህ፣ ግራ እጅህ ሥር!»

ጋሽ መርፌ አንገታቸውን አዙረው አዩትና «አሁን ነው ያስቀመጥሽው» አሉ።

ባለቤታቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸው ነው ኑሮዬ። መቀስ የምሰርቅ እኔ፤ ከበሩ መቃን ጋር ሲላተምም በሩን ያጠበብኩት እኔ!»

እኔ ሳቅሁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«አጎቴ፣ መቀሱ የሚጠፋብዎ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው?»

«እዚያ ስለምትደብቀው ነዋ!»

«እባክዎ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ነው። እኔን ምን አመመኝ? ይኸው፣ እዪ!» የክሩን ጫፍ ምራቅ አስነኩና ባንድ ጊዜ መርፌዋ ውስጥ ሰደዱት። «ያንቺ መሣሪያ ከዚህ ይበልጣል?»

«እኔስ በመነጽርም አይሆንልኝ» አልኩ፣ ማንን እያገዝኩ እንደሆነ ሳላስተውል።

«አየሽ? ጎረቤት መሰከረ!»

ልጅቷ አልተቆጣችም። «መሃሉን በደንብ ያያሉ፤ እሱን አልካድኩም። የምፈራው ዳር ዳሩን ነው። ግላኮማ የሚባል በሽታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሳያም፣ ዓይንን ሳያቀላ፣ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይበላል። መርፌ ደግሞ የሚታየው በመሃል ነው።»

«ታዲያ ሲበላኝ አላውቅም?»

«አንገትዎ እየዞረ ይሸፍንለታል፤ ምን ያሳውቅዎታል? መቀስ ሲጠፋ ባለቤትዎ ይከሰሳሉ፤ ነገሩ በዚያው ያልፋል።»

ከጠረጴዛው ላይ ቀይ የክር ጥቅል አነሳች። «ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑ። አፍንጫዬን ብቻ እያዩ፣ ክሩ ከግራ በኩል ብቅ ሲል ይንገሩኝ።»

ክሩን ከዳር ወደ መሃል ቀስ አድርጋ ታመጣው ጀመር። እኔ አየሁት። ባለቤታቸውም አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ መርፌ ግን አፍንጫዋ ላይ እንዳፈጠጡ ናቸው።

«ኧረ አምጪው እንጂ! ልታስመሺኝ ነው?»

«አምጥቼዋለሁ፣ አጎቴ።»

ዞር ሲሉ ክሩ ፊታቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በእኔ ደግማ ስትሞክረው ገና ከመጀመሯ «ታየኝ» አልኩ። መቼም ያን ዕለት ባይታየኝ እመርጥ ነበር።

ጋሽ መርፌ የእጃቸውን መርፌ አዩ። «እና... ይቺም ትጠፋብኛለች?»

«ዝም ካልነው መሃሉም ሊሄድ ይችላል። ግን የእኔ ክር ፍንጭ ብቻ ናት፤ ቁርጡ የሚታወቀው ሲመረመሩ ነው።»

«የሄደውን ትመልሺልኛለሽ?»

«አልዋሽዎትም፣ የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን ብዙ ጊዜ በጠብታ ማቆየት ይቻላል። አስቀድመን ሄደን ቢሆን ኖሮ የሚተርፈው ይበዛ ነበር።»

ሽማግሌው ኮታቸውን ለበሱ። ሲወጡ የበሩን መቃን በግራ እጃቸው ዳሰሱና ለባለቤታቸው ቀስ ብለው «ለካ ጠባብ አይደለም» አሏቸው። ከእሳቸው አፍ ይቅርታ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔም ላጅብ ሄጄ ተያዝኩ።

«እርስዎም ከአርባ አልፈዋል፤ ይቀመጡ» አለችኝ ልጅቷ።

«ማን ነገረሽ?»

«ጸጉርዎ።»

ዓይኔ ደህና ነው፣ በየጊዜው ግን ብቅ በል ተባልኩ። የጋሽ መርፌ የዓይን ግፊት ከፍ ብሎ ስለተገኘ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ግላኮማ መሆኑም እዚያ ተረጋገጠ።

ዛሬ ጠብታውን ሳያስታጉሉ ያደርጋሉ፣ ከቀጠሯቸውም አይቀሩም። ሐኪማቸው ጉዳቱ ከዚያ ወዲህ አልገፋም ብሏቸዋል። ሳያማቸው ስለሄዱ ሥራቸው ከእጃቸው አልወጣም፤ ባለቤታቸውም ከመቀስ ሌብነት ነጻ ወጥተዋል። እስኪያማቸው ቢጠብቁ ኖሮ የሚጠበቅ ዓይን ባልቀረ።

መርፌዋን አሁንም ጠዋት ጠዋት ክር ያስገቡባታል፤ «መሃሉን ጠየቅኋት፣ መሃሉን መለሰችልኝ፤ እሷ ምን አጠፋች?» ይላሉ። ደንበኛ ሲመጣ ግን ሜትሩን ወገቡ ላይ ከማዞራቸው በፊት «ዓይንህን ታይተሃል?» ይሉታል።

«ምን አመመኝና ነው፣ ጋሼ?» ካለ አለቀለት። ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል ያደርጉና ቀዩን ክር ያነሳሉ።

«ና እስቲ ቁም። አፍንጫዬን እይ።»