አማቴ ያጠቧት የአሜሪካ መኪና

አሁን ሳስበው እንኳ ደሜ ይፈላል! የአባቴን ጥቁር የአሜሪካ የቅንጦት መኪና ሸራ አልብሼ፣ ፀሐይ ሳላስነካ ነው ያኖርኳት። ልሸጣት ቆርጬ፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ገዢ ይዤ አርባ ምንጭ ግቢዬ ስገባ፣ ሊጠይቁን ከኦቾሎ የወረዱት አማቴ ጎንበስ ብለው በአመድና በአሸዋ ይፈትጓታል! ጥላሸት የያዘው ድስት ይመስል! ያ የሚያብረቀርቅ ቀለም ተፋፍቆ አመድ መስሏል።

«ገዢ ይመጣል ስትሉ ሰምቼ፣ እንድታምርልህ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን አማት ላይ ይጮኻል? «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ገዢው «ደህና ዋሉ» እንኳ ሳይል ወጥቶ ሄደ። አማቴ ከኔ ብሰው ተቆጡ፦ «ምን ያለው ችኩል ነው! ትንሽ ቢታገስ ያኛውንም ጎን እፈትግለት አልነበር?»