ስሟ የረዘመባት ተመራቂ

አካም ጂርታ ዱረቲ? ፈያዳ? ሻይሽን ጠጪው እንጂ፣ ይቀዘቅዛል። የዲጋ መንገድ ከትናንቱ ዝናብ ወዲህ ጭቃ በጭቃ ነው አሉ... ወንበርሽን ወደዚህ ሳብ አድርጊው፤ ከኋላችን ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው አሉ፣ እንዳንረብሻቸው።

ምን ነበር የምልሽ? አዎ፣ ሲ ስለሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ። ሃምሳ ዓመት አልፎት ዛሬም ስልኩም ባንኩም ውስጥ አለ። ታዲያ አንጋፋ አይከበርም? ጨዋነቱስ! ጌታው ያዘዘውን ለምን ሳይል ይፈጽማል። ገደል ግባ ቢሉት... ይገባል። አዲሱ፣ ረስት የሚሉት፣ ግን ነዝናዛ ነው፤ ሳይፈትሽ አያሳልፍሽም። ንዝንዝ ለአዋቂ ሰው ምን ይሠራል? አንድ የማውቃቸው መምህርማ "አጥር ለከብት ነው" ይላሉ። እውነታቸውን እኮ ነው!

እኚሁ ሰው የኮሌጃችንን የውጤት ፕሮግራም በሲ ብቻቸውን ጻፉት። ሲሞክሩት ጂሩ፣ ደረሳ የሚሉ የተማሪ ስሞችን በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ አስገቡ፤ ሰተት አለ። የአማርኛ አንዷ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የሦስት ላቲን ፊደል ቦታ እንደምትይዝ... ኧረ ስንቱን ያስቡት? የእህቴ ልጅ ጸሐይወርቅ በአማርኛ ስትገባ፣ ስሟ ከተሰጠው ቦታ ሞልቶ ፈሰሰና ውጤቷን ደመሰሰው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ከማርክ በላይ ሲውል ግን ገና አሁን አየሁ።

ልጅቱ ሄዳ ብትጠይቃቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "ስምሽ ረዘመ፤ ጸሐይ ይበቃሻል።" አይ ደግነት! ካህን እንኳ እንዲህ ቶሎ ስም አያወጣም።

እናንተ ሬጅስትራሮችም ልክ ናችሁ፤ መምህሩ "ስሕተቱ የእኔ ነው" ብለው ካልፈረሙ ቅዳሜ አትመረቅም። ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እኔም አንጀቴ አሯል። ግን የዚያን የሚያህል ሰው እጅ ለእንዲህ ያለ ፊርማ ይነሳል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ? እኛማ ባለቤቱን ከማክበራችን የተነሳ አጥር አለው ወይ ብለንም አልጠየቅን...

ምነው፣ ከኋላችን የጋዜጣው ገጽ መገለጡን ተወ?

በይ ልነሳ፣ ክፍል አለኝ። እኚያን መምህር ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ጸሐይወርቅ ተመርቃ፣ አዲሱን ቋንቋ በዚሁ ኮሌጅ ስታስተምር፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ለመማር ያብቃቸው። ቢሳሳቱም እንኳ ማለፊያ ማርክ አትንፈጋቸው። አሜን በይ እንጂ!